የበሺር ወንፊት

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ጧት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ራዲዮ የማይከፍት ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ሰላም የሚለው ዘመድ የለውም። በዚያ ሰዓት ጦሳ ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት ትንሽ የኤፍ ኤም ጣቢያ የሰላምታ ፕሮግራም ይተላለፋል። ለእናት፣ ለአማት፣ ለጡት ልጅ፣ ደጋን ላይ ጎማ ለፈነዳበት ሾፌር፣ ትናንት ለተጣሉት ጎረቤት ሳይቀር ሰላምታ ይነበባል። አንባቢዋ ፊርደውስ ናት፤ ድምፅዋን የማያውቅ ባለሱቅና የባጃጅ ሾፌር የለም። ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ ሰላምታውን እየለየ የሚያቀርብላትን ሰውዬ ግን ማንም አያውቀውም። ስሙ በሺር ይማም ነው፤ እኔም የማወራችሁ የእሱን ነገር ነው።

በሺር አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሆጤ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር፤ ሳይወልዱ፣ ሳይጣሉም ተለያዩ። ሚስትየው ስትወጣ ብዙም አልተማረረች፤ ከግድግዳ ጋር ማውራት ሰለቸኝ ብቻ አለች አሉ። ቤቱ ውስጥ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ። አንዱ በየቀኑ ታጥቦ ይደፋል፣ ሌላው ከመደርደሪያው ወርዶ አያውቅም። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጁን ሲሞላው በሺር በሩን ይዘጋና ራዲዮውን ይከፍታል፤ ቀን ሲለየው የዋለውን ሰላምታ በድጋሚ ሲተላለፍ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ያ ሁሉ ሰው ለዚያ ሁሉ ሰው ሰላም ይላል። ለበሺር የሚል ግን የለም።

ዒድ በመጣ ቁጥር "ተረኛ እኔ ልሁን" ይላል። ባልደረቦቹ ደግ ሰው ነው እያሉ ይመርቁትና ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ደግነቱስ ደግ ነው፤ ዋናው ነገር ግን የሚሄድበት ቤት ስለሌለው ነው።

የለውም ስል ደግሞ ዋሸሁ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ አንድ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ፣ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ቤት አለ። የተወለደበት ቤት ነው። ታላቅ እህቱ ፋኢዛ ከልጇ ከሲድራ ጋር እዚያ ትኖራለች።

እናታቸው ስትሞት በሺር አምስት፣ ፋኢዛ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባታቸው ጋሽ ይማም ፋብሪካ ፈረቃ ገቢ ስለነበሩ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በሺርን ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ሀ ሁ ያስቆጠረችው እሷ ናት። እሱ ይማር ብላ የራሷን ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አቋረጠች። ቦርከና ዳር ሲጫወት አመሻሽ ላይ "በሺር ና!" ብላ ስትጣራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማት ነበር፤ የሌላ ሰው ልጆች ሳይቀሩ ደንግጠው ወደየቤታቸው ይገባሉ። እንደዚያ ያሳደገችውን እህቱን ነው እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ያላየው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጣቢያው በሺርን ለሁለት ሳምንት ሥልጠና አዲስ አበባ ላከው። በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ኮምፒውተሩን የሚያሠሩበት፣ ሼል የሚሉት ነገር ነው የሚማረው። አሠልጣኙ ስልክ ማስጮህ ክልክል ነው ስላለ በሺር ስልኩን አጠፋ። ከቀናት ባንዱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ይማም ሞቱ። ፋኢዛ ደወለች፤ አሁንም ደወለች፤ ደግማ ደወለች። ሬሳ አያድርም፤ ታጠቡ፣ ተከፈኑ፣ ከዐስር ሰላት በፊት ተቀበሩ። በሺር ማታ ስልኩን ሲከፍት አሥራ ሰባት ጊዜ ተደውሎለት እንደነበር የሚናገር መልእክት ጠበቀው።

በማግሥቱ ለቅሶ ቤቱ ሰው እንደሞላ ደረሰ። ሐዘኑን የሚያወርድበት ሲያጣ እህቱ ላይ አወረደው። አባቴን ሰርቀሽ ቀበርሽብኝ፣ አንድ ቀን መጠበቅ አቅቶሽ ነው ወይ እያለ ጮኸ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያላየችው ፋኢዛ ቀና ብላ አየችው።

"እኔ ወንድም የለኝም" አለች። "ቢኖረኝ ስልክ ያነሳ ነበር።"

በሺር ደሙ ፈላ። "ወላሂ" አለ፣ "በሰው ፊት እንደካድሽኝ በሰው ፊት ወንድሜ ብለሽ ስሜን እስክትጠሪ ድረስ ደጃፍሽን አልረግጥም።" ይህን ብሎ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ሞኝ ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ያልሞኘ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሽማግሌ መላኩ አልቀረም። "ምያለሁ" እያለ መለሳቸው። መጨረሻ የመጡት የአባቱ ጓደኛ ሸህ ሙባረክ ናቸው፤ ሆጤ መስጊድ አጠገብ ይኖራሉ። በሺር ለእሳቸውም ያንኑ መለሰ። አክሎም፣ የሰው ፊት ያስቸገራት ከሆነ በራዲዮ ትጥራኝ፣ ከዚያ የበለጠ ሰው የት ይገኛል አለ። ሲናገረው ለማሾፍ ነበር። ሸህ ሙባረክ ግን የተሰጣቸውን መልእክት የማያጎድሉ ሰው ስለሆኑ ኮምቦልቻ ወርደው እንዳለ አደረሱላት። ፋኢዛ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

በሺርም ያሾፈበት ነገር ልቡ ውስጥ ቀረ። ትጠራኝ ይሆን እያለ መጠበቅ ጀመረ። ለመጠበቅ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

የሰላምታው ሥራ እንዲህ ነው። አድማጮች በአጭር ቁጥር የሚልኩት መልእክት ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ እየተደረደረ ይገባል፤ አንድ መልእክት አንድ መስመር። ለአንድ ቅዳሜ ሁለት ሺህ ያህል ይመጣል። ግማሹ የሎተሪ ማጭበርበሪያ፣ የልብስ ማስታወቂያ፣ ስድብ፣ ለፊርደውስ የተጻፈ የጋብቻ ጥያቄ ነው። ይህን ሁሉ አንብቦ የሚለይ ሰው ስለሌለ በሺር በተማረው ሼል አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ስሟንም ወንፊት አላት። ወንፊት እያንዳንዱን መስመር ታነብና በሺር ከሰጣት የቃል ቅርጽ ጋር ይገጥም እንደሆነ ታያለች። ሰላም፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰህ የሚሉ ቃላት ያሉበት ከሆነ ለፊርደውስ ፋይል ታሳልፈዋለች። ካልገጠመ ውዳቂ ወደሚባል ፋይል ትጥለዋለች፤ ውዳቂን ከፍቶ የሚያይ የለም።

መቼም ሰዋችን ስልክ ላይ አማርኛውን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በሺርም ቅርጹን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሾቹ ጻፈው። ሰላምን ሰው በኢ selam ብሎ ቢጽፋትም በኤ salam ብሎ ቢጽፋትም እንድትገኝ አደረገ። ዘመናዊ ስልክ የመጀመሪያዋን ፊደል ራሱ ትልቅ እንደሚያደርጋት ስለሚያውቅ በቃሉ መነሻ ላይ ትልቁንም ትንሹንም ኤስ በቅንፍ አስገባ። ሞከረው፣ ሠራለት፤ ደስ አለው። በፊደላችን ላደገ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረም። የእኛ ሀ መነሻ ላይም ሀ ነው፣ መድረሻ ላይም ሀ ነው፤ ለንጉሥም ለእረኛም ያው ቁመት ነው። ሼል ግን እንዲያ አይደለም። ለእሱ ትልቁ ኤስና ትንሹ ኤስ ተዋውቀው የማያውቁ ሁለት እንግዶች ናቸው፤ አድርግ ያልተባለውን ደግሞ አያደርግም።

ወንፊት ላይ በሺር ለማንም ያልነገራት አንዲት መስመር አለች። በሺር የሚል ስም ያለበት መልእክት ከመጣ ለብቻው ወደ አንድ ፋይል እንዲገለበጥ የምታደርግ መስመር ናት። ሰላምታው ሲነበብ ድንገት ከሚሰማው ቀድሞ ሊያውቀው ፈለገ፤ ፊርደውስ ፊት ዕንባ እንዳያመልጠው ፈራ። ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ያንን ፋይል ይከፍታል። ባዶ ነው። ሁለት ሦስቴ ሌላ በሺር መጣ፤ አንዱ የወልዲያ ሙሽራ ነበር። ከዚያ ውጭ ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ነገ ትልካለች አለ። በሁለተኛው ተናደደ። በሦስተኛው ንዴቱም አለቀና፣ እህቴ ጠልታኛለች ብሎ አርፎ ተቀመጠ። ፋይሉን መክፈቱን ግን አልተወም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ወይዘሮ አባይነሽ የሚባሉ አሮጊት፣ በእጅ መሐረብ የተጠቀለለ ባለቁልፍ ስልክ ይዘው ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ዘበኛው ሊመልሳቸው ቢል አልመለስ አሉ። የመጡት ሊከሱ ነው። ከሚሴ ለምትኖር የክርስትና ልጃቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሰላምታ ይልካሉ፤ አንድ ቀን ተነቦ አያውቅም። በሺር ወጥቶ ምናልባት ኔትወርክ ይሆናል አላቸው። እንዴት ኔትወርክ ይሆናል፣ ሒሳቡማ ሲቆረጥ ኔትወርክ አላገደውም አሉት። ቢቸግረው ስልኩን ተቀብሎ የላኩትን አየ። መልእክቱ ሁሉ ከራስጌ እስከ ግርጌ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው።

በትልቅ ፊደል ለምን እንደሚጽፉ ጠየቃቸው። አሮጊቷ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ስልኩን ነጠቁትና ቁልፎቹን በጣታቸው አሳዩት።

"እዚህ ላይ የታተመው ይኸው አይደል? እኔ ያለውን ነው የምነካ" አሉ። "ሌላ አለ እንዴ?"

እውነታቸውን ነው። ባለቁልፍ ስልክ ላይ የታተመው ፊደል ሁሉ ትልልቁ ነው። የእንግሊዝኛን ፊደል ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከስልክ ቁልፍ የተማረ ሰው፣ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ቁልፉ ላይ ያለውን ካልመሰለው ልክ አይመጣለትም። አንዷን ቁልፍ ሲነካ ሁሉም ትልቅ ይሆንለታል፤ ከዚያ ወዲያ አይነካትም። በሺር ይህን አስቦት አያውቅም። ወይዘሮ አባይነሽን ለቅዳሜ ራዲዮአቸውን እንዲከፍቱ ለምኖ ሸኛቸውና ሦስት ዓመት ያልተከፈተውን ውዳቂን ከፈተው።

ከሎተሪውና ከስድቡ መሐል ትልልቆቹ ፊደላት ተሰልፈው ቆመዋል። ወታደር ልጇን ሰላም የምትል እናት፣ ሆስፒታል ለተኛች ሚስቱ የሚጽፍ ሽማግሌ፣ ቆሎ ቸርቻሪ፣ የመስጊድ ዘበኛ። ሁሉም አሮጌ ስልክ ያላቸው፣ ሁሉም ሰላም ያሉ፣ አንዳቸውም ያልተነበበላቸው ናቸው። በሺር ፊቱ በሐፍረት ቀላ። ለሰው ሰላምታ አድራሽ ነኝ ሲል የኖረው ሰውዬ ዋነኞቹን ሰላም ባዮች በር ላይ ሲያግድ ኖሯል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። shopt -s nocasematch ብሎ መጻፍ ብቻ። ትርጉሙ ትልቅና ትንሽ ፊደል አትለይ ማለት ነው። ከዚህ መስመር በታች ሼል ቅርጽ ሲያመሳስል ሁለቱን ኤሶች እንደ አንድ ያያቸዋል። በሺር መስመሯን ከማመሳሰሉ በላይ አስገባት፤ ከማመሳሰሉ በታች ደግሞ በ -s ፈንታ -u ብሎ አጠፋት። ማጥፋቱ የግድ ነበር፤ ምክንያቱም ወንፊት ግርጌ ላይ የጣቢያው ሠራተኞች በሚሰጡት ምልክት፣ በትልቅ ኤም የለቅሶ ጥሪው፣ በትንሽ ኤም የሚከፈልበት ማስታወቂያ ይለያል። ሳይዘጋት ቢቀር ፊርደውስ የሰው ቀብርና የሳሙና ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ማንበቧ ነው። ይህን አስተካክሎ የሦስት ዓመቱን ውዳቂ በሙሉ እንደ አዲስ በወንፊት አሳለፈው።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለፊርደውስ ከስድስት ሺህ በላይ ሰላምታ ወጣ። በሺር ያንን እያየ ሳለ ልማዱ ነውና እጁ ወደዚያችኛዋ፣ ወደ ባዶዋ ፋይል ሄደ። ባዶ አልነበረችም። ሠላሳ አንድ መስመር አለባት።

የመጀመሪያው ሸህ ሙባረክ ኮምቦልቻ ከወረዱ ከአራት ቀን በኋላ የተላከ ነው። ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው። "ለወንድሜ ለበሺር ይማም። በሰው ፊት ጥሪኝ ብለሃልና ጠራሁህ። ወንድሜ ነህ። አፉ በለኝ። ፋኢዛ፣ ከኮምቦልቻ" ይላል።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ያንኑ ነው የሚሉት፤ ያልደረሰ መስሏት ደግማ ነው። ከዚያ ወሬ እየገባበት ሄደ። "ለበሺር ወንድሜ። ሲድራ አሥራ ሁለተኛን አለፈች።" "ለበሺር ወንድሜ። ቦርከና ሞልቶ አጥሩን ወሰደው፣ እኛ ደህና ነን።" "ለበሺር ወንድሜ። ዒድ ሙባረክ፣ ድርሻህን አስቀምጠናል።" በሺር ያን ዒድ አስታወሰው። ተረኛ ሆኖ እዚሁ ወንበር ላይ ደረቅ ዳቦ በልቶ ነው ያሳለፈው። ሃያ ሦስተኛው መልእክት ላይ ወሬውም ቀርቷል፤ "በሺር ወንድሜ ነው" ይላል፣ ሌላ የለውም። ሠላሳ አንደኛው ከስምንት ወር በፊት የተላከ ነው።

"በሺር፣ ሰላምታውን የምትመርጠው አንተ እንደሆንክ ዛሬ ነገሩኝ። ሁሉንም አይተህ ነው ለካ ዝም ያልከኝ። ከዚህ ወዲያ አላስቸግርህም።"

በሺር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሦስት ዓመት ብቻዬን ነኝ ሲል፣ ብቻውን ያደረገው የራሱ እጅ ነው። እሱስ ይሁን፤ እሷን ምን አደረጋት? በየሳምንቱ ራዲዮ ሥር ተቀምጣ፣ የሌላው ሁሉ ስም ሲጠራ የራሷን ስትጠብቅ ኖራ፣ በመጨረሻ ወንድሜ እያየ ዘጋኝ ብላ ተነሣች።

ስልኳን ያውቀዋል፤ ደወለ። ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። እስከ ማታ ድረስ አሥራ ሰባት ጊዜ ደወለ፤ ቁጥሩን ሆን ብሎ አልቆጠረውም፣ ስልኩ ነው የቆጠረለት።

በማግሥቱ ሸህ ሙባረክ ዘንድ ሄደና ጉዳዩን አጫወታቸው። ያስጨነቀው መሐላው ነው። ስሜን በሰው ፊት እስክትጠራ ነበር ያልኩት፣ እሷ ጠርታለች፣ የሰማው ግን ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ታዲያ መሐላዬ ተፈቷል ወይስ አልተፈታም ብሎ ጠየቃቸው። ሸሁ ጢማቸውን ያዙ።

"ያገድካት አንተ፣ ሰው ያልሰማት በአንተ" አሉት። "ለመሐላህ ማካካሻ አሥር ሚስኪን አብላና ሂድ። ከአራት ዓመት በፊትም መልሱ ይኸው ነበር ልጄ፤ አልጠየቅከኝም እንጂ።"

ሐሙስ ምሳ ሰዓት የበሺር ቤት አሥር ሰው ገባ። ከመስጊዱ በር ሰብስቦ ያመጣቸው ናቸው። ከአከራዩ ትሪና ብርጭቆ ተበደረ፤ ያ ከመደርደሪያ ወርዶ የማያውቀው ብርጭቆም ያን ቀን ወረደ። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁት፣ ሄዱ። ቤቱ ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ሞልቶ ስለማያውቅ፣ ሲወጡ የቀረው ዝምታ ለበሺር ከወትሮው ይልቅ ከበደው።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሐረጎን ሲወርዱ ብርዱ እየለቀቀ መጣ፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ኮምቦልቻ ገብቶ ቦርከና ዳር ወዳለው ቤት ሄደ። አጥሩ አዲስ ነው፤ አሮጌውን ውኃው እንደወሰደው ከመልእክቱ ያውቃል። አንኳኳ። አንዲት ረዥም ልጅ ከፈተች፤ ሲተዋት ገና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለባሽ ነበረች። የእህቱ ልጅ ሲድራ ናት።

ሰላም ተባባሉ፤ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላለችለትም። ከመጋረጃው ወዲያ ሰው እንዳለ ያስታውቃል። የመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ተቀምጣለች። በሺር እዚያው ደጅ ቆሞ፣ ለልጅቷ የሚናገር መስሎ ለመጋረጃው አስረዳ። ወንፊትን፣ ትልልቁን ፊደል፣ ትንንሹን ፊደል፣ ውዳቂን። ይህ ነገር ለተማረ ሰው እንኳ ላይገባው ይችላል፤ የተቀየመች እህት ደጅ ላይ ቆሞ ሲናገሩትማ ለተናጋሪውም ለራሱ ውሸት ይመስላል። ሲጨርስ ሲድራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቆየች፤ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ተመለሰች።

"አጎቴ፣ እማዬ የምትልዎት" አለች፣ "እኔ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠራሁት፣ አንድ ሰው አልሰማኝም። አሁን እሱ ይጥራኝ። ሰው ይስማ። እስከዚያ በሬን አልከፍትም ብላለች።"

እሱ ያስተማራትን ነው የመለሰችለት፤ በምን አፉ ይከራከራል? እሺ ብሎ ተመለሰ። የመልሱ ሚኒባስ ሐረጎን እያቃሰተ ሲወጣ ጉሙ ተቀበለው።

በሺር ማይክሮፎን የሚፈራ ሰው ነው። በጣቢያው ባሳለፈው ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ድምፁ በአየር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ጧት ፊርደውስን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት፤ ያነበበችው ብዙ ሰላምታ ቢኖርም እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ፕሮግራሙን ስትከፍት በመጀመሪያ የወይዘሮ አባይነሽን ሰላምታ አነበበች። ቀጥላ ዛሬ አንድ ሰው የሚናገረው አለው አለችና ወንበሯን ለቀቀችለት።

በሺር ተቀመጠ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ተናገረ።

"እኔ በሺር ይማም ነኝ። መልእክታችሁን የምለየው እኔ ነኝ። በትልልቅ ፊደል የጻፋችሁልንን ሁሉ ሦስት ዓመት ሳናነብላችሁ የቀረነው በእኔ ጥፋት ነው፤ አፉ በሉኝ። ከጻፉት አንዷ እህቴ ናት። አባታችን የሞተ ቀን ስልኬን አጥፍቼ ነበር። ብቻዋን ቀበረችው። እኔ መጥቼ በሰው ፊት ጮህኩባት። ፋኢዛ ይማም፣ እህቴ ነሽ።"

ፊርደውስ ያበቃ መስሏት እጇን ወደ ሙዚቃው ሰደደች። በሺር ግን ከኪሱ ሙስበሃውን፣ የዚክር መቁጠሪያውን አወጣና አንዷን ፍሬ ወደ ታች ሳበ። "ፋኢዛ ይማም፣ እህቴ ነሽ" አለ ደግሞ። ሌላ ፍሬ ሳበ። "ፋኢዛ ይማም፣ እህቴ ነሽ።" አሥር ሲደርስ ፊርደውስ እየሳቀች ወደ መስተዋቱ ዞረች። አሥራ አምስት ሲደርስ ሳቋ ቀረ። ሃያ ላይ ሥራ አስኪያጁ ምን ተበላሸ ብሎ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ፊርደውስ በእጇ ዝም በል አለችው፤ እሱም ቆሞ ቀረ። በሺር ድምፁ እየሻከረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። ሙስበሃው ላይ ሠላሳ ሦስት ፍሬ አለ። ሁለት ሲቀረው አቆመ።

ዘፈን ተለቀቀ። በሺር ማንንም ሳያይ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ያችን ፋይል ከፈተ። ትልቅ ፊደል ሳትል ትንሽ ፊደል ሳትል፣ ወንፊት ስሙን እየያዘች ታወርዳለች። በሺር አይዞህ የሚል ከሐይቅ መጣ። በሺር እኔም ለወንድሜ ልደውልለት ነው የሚል መጣ። በሺር አበድክ እንዴ የሚልም መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ የነበረችው ፋይል ስሙን በሚጠሩ በማያውቃቸው ሰዎች ሞላች። እሱ የሚጠብቀው ግን አንድ ሰው ነው። አንደኛው ዘፈን አለቀ፣ ሁለተኛው ጀመረ። ሁለተኛውም አለቀ። አልሰማችም ይሆናል፤ ራዲዮዋን ዘግታለች፤ ከስምንት ወር በፊት ዘግታዋለች፣ ለማን ብላ ትከፍታለች እያለ ራሱን አሰቃየ።

ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ አንድ መስመር ወረደ። ከራሱ እስከ ግርጌው በትልልቅ ፊደል ነው።

"በሺር፣ ይበቃል። ሰው ሰማ። ና።"

በሺር የመጨረሻዋን ቃል ብዙ ጊዜ አነበባት። ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወደ መናኸሪያ ወረደ፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው።